አቶሚየም ውስጥ መግባት ይሻላል ወይስ ከደጅ አይቶ መመለስ? (ብራስልስ)

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ አባቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በድሬዳዋ ምድር ባቡር የጥገና ክፍል ሲሠሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። በመጪው ክረምት ብራስልስ የምትኖረውን እኅቴን ለመጠየቅ አብረን እንሄዳለን። የከተማዋ ነገር ሲነሣ አባቴ ቤተ መንግሥቱንም ሆነ ዝነኛውን አደባባይ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ የሚጠይቁት በ1958 ለዓለም ኤክስፖ (የአገሮች ትርኢት) ስለተሠራው፣ በቱቦ ከተያያዙ ዘጠኝ ትላልቅ የብረት ሉሎች ስለቆመው ስለ አቶሚየም ብቻ ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ፈረንሳውያን ባለሙያዎች ትተዋቸው በሚሄዱ አሮጌ መጽሔቶች ላይ ሥዕሉን አይተው፣ ያን ሁሉ ብረት እንዲያ አንጠልጥሎ ማን አቆመው ብለው መደነቃቸውን እስከ ዛሬ ያነሣሉ።

እኅቴ በበኩሏ ብዙ ዓመት እዚያው ኖራ በደጁ ከማለፍ በስተቀር ገብታ አታውቅም፤ ውስጡ ይህን ያህል የሚታይ ነገር እንደሌለው ሰዎች እንደሚናገሩ ነግራኛለች። የአባቴም ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ገብታችሁ ያያችሁ ብትኖሩ፣ መግባቱ የሚያዋጣ መሆኑን፣ ደረጃው ለአዛውንት የሚቻል መሆኑን፣ ከመሄዳችን በፊትም ስለ አሠራሩ ላነብላቸው የሚገባኝን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ደቻቱ ማዶ (ብራስልስ)

ወንድሜ፣ ይግቡ። ስለ አባትዎ ጉልበት ግን አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በመሐል ቀጥ ብሎ በሚወጣው ቱቦ ውስጥ ያለው አሳንሰር ጎብኚውን ከምድር አንሥቶ እስከ ላይኛው ሉል በአንድ ጊዜ ያደርሰዋል፤ በ1958 ሲከፈት በሰከንድ 5 ሜትር ይጓዝ ስለነበር በጊዜው ከአውሮፓ አሳንሰሮች ሁሉ ፈጣኑ ነበር። ስለዚህ በ92 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው መመልከቻ ለመድረስ ጉልበት አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ወደ ጎን ሉሎች ሲኬድ ነው፤ ወደ እነርሱ የሚወስዱት ቱቦዎች አጋድለው የቆሙ ስለሆኑ አንዳንዱ በተንቀሳቃሽ ደረጃ፣ ሌላው በእግር ይወጣል፣ ሲወረድ ደግሞ አብዛኛው በእግር ነው። ጊዜ ወስዶ ለሚሄድ ሰው የሚከብድ አይደለም፤ ጉልበታቸው ከበረታባቸው ግን ከአሳንሰሩ በኋላ ያለውን መተው ይቻላል።

ያዋጣል ወይ ላሉት ደግሞ የምሰጠው መልስ ጥቂት ያፈነገጠ ነው። ከላይ የሚታየው ከተማ ደስ ቢልም ልዩ አይደለም። ከሥር ስታዲየሙ፣ ለ1935ቱ ኤክስፖ የተሠሩት የሄይሰል ትላልቅ አዳራሾች፣ ራቅ ሲል የላከን ዛፎች፣ ሰማዩ ከጠራ ደግሞ የመሐል ከተማው ጣሪያዎች ይታያሉ። ለዕይታ ብቻ ከሆነ ደንገጎ አቀበት ላይ ቆሞ ቁልቁል ድሬዳዋን ማየት ይበልጣል፤ ይህን ስል ብራስልሶች ይቅር ይበሉኝ። የሕንጻው ቁም ነገር ያለው በቱቦዎቹ ውስጥ ነው። 35 ሜትር ርዝመት ባለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቆሞ በዚያ ጠባብ የብረት ሆድ ውስጥ ሽቅብ ሲጓዙ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች መጪውን ዓለም እንዴት አድርገው ያስቡት እንደነበር ያለ አስጎብኚ ይገባል፦ ሁሉም ነገር ብረት፣ ሁሉም ነገር ክብ፣ ሰውም እንደ ዕቃ በቱቦ የሚመላለስበት። መጪው ዓለም እንደዚያ አልሆነም፤ ግምታቸው ግን እዚያ ቆሞ ይጠብቃል።

አባትዎ የጥገና ሰው ናቸውና ይህን ደግሞ ይንገሯቸው። ኤክስፖው የተከፈተው ሚያዝያ 9 ቀን 1950 ዓ.ም. (አፕሪል 17 ቀን 1958) ሲሆን የተዘጋው በዚያው ዓመት ኦክቶበር 19 ነው። ከ40 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ገብቶበታል። አቶሚየም እንዲቆም የታሰበውም ለዚያው ለስድስት ወር ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሊፈርስ ነበር። ሕዝቡ ስለ ወደደው ቀረ እንጂ ለዘመናት እንዲኖር ተብሎ የተሠራ ሕንጻ አይደለም። በመሆኑም ውጫዊ ሽፋኑ የነበረው አሉሚኒየም ከአርባ ዓመት በላይ ዝናብና ጭስ ሲፈራረቅበት ወዙ ጠፍቶ ነበር። ከ2004 እስከ 2006 ተዘግቶ ሲታደስ አሉሚኒየሙ በሙሉ ተነሥቶ በማይዝግ ብረት ተተካና በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2006 እንደገና ተከፈተ። ዛሬ በፀሐይ የሚያብለጨልጨው የ1958ቱ ቆዳ አይደለም ማለት ነው። ከድሮው ሽፋን የወጡት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ለእድሳቱ ገንዘብ ማሟያ እንዲሆኑ እያንዳንዳቸው በ1,000 ዩሮ ለሕዝብ ተሸጠዋል።

ቀፊራ ሰፈር (ድሬዳዋ)

ከደቻቱ ማዶ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አቶሚየም ማለት ከውጭ የሚታይ ነገር ነው። ውስጡ ሲገባ ሰው ራሱን የሚያገኘው በክብ ክፍሎች ውስጥ ነው፤ ጥቂት የቆዩ ፎቶግራፎች፣ የኤክስፖው ዘመን ዕቃዎች፣ አንዳንድ ጊዜም የሚቀያየር የብርሃን ዝግጅት አለ። ሲገቡ ያን ድንቅ ቅርጽ ማየት ያቆማሉ፣ ምክንያቱም ውስጡ ነዎት። ከሥሩ ባለው ሣር ላይ ተቀምጦ ለአንድ ሰዓት ወደ ላይ መመልከት፣ ሲመሽ ደግሞ በየሉሉ ላይ የሚዞሩትን መብራቶች ማየት ለአንድ አዛውንት ይበቃል፤ ገንዘቡም ይተርፋል።

መሐንዲስ ከሐረር

ሁለታችሁም ስለ ስሜቱ ጽፋችኋል፤ አባትየው የጠየቁት ግን እንዴት ቆመ የሚለውን ነው። በተቻለኝ መጠን ላስረዳ።

ሐሳቡ የመነጨው አንድሬ ዋተርኬይን ከተባለ ቤልጅጋዊ መሐንዲስ ሲሆን የሕንጻ ንድፉን የሠሩት ደግሞ ወንድማማቾቹ አንድሬ እና ዣን ፖላክ ናቸው። ቅርጹ የብረት ክሪስታል መሠረታዊ ሕዋስ 165 ቢሊዮን ጊዜ ጎልቶ ነው፤ በብረት ውስጥ አተሞቹ የሚደረደሩት ስምንቱ በኩብ ስምንት ማዕዘኖች ላይ፣ ዘጠነኛው በኩቡ እምብርት ላይ ሆነው ነው። ዘጠኙ ሉሎች እነዚህ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ዲያሜትር 18 ሜትር ነው። የቱቦዎቹን ቁጥር በቃል መያዝ አያስፈልግም፣ በራሱ ይወጣል፦ ኩብ 12 ጠርዞች አሉት፣ ከመሐሉ ሉል ወደ ስምንቱ ማዕዘኖች ደግሞ 8 ቱቦዎች ይሄዳሉ፣ በድምሩ 20።

አስቸጋሪው ነገር ኩቡ በጎኑ አለመቀመጡ ነው። በአንድ ማዕዘኑ ጫፍ እንደቆመ የስኳር ኩብ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር አንድ ሉል፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ የመሐሉ፣ ከዚያ እንደገና ሦስት፣ በመጨረሻም በ102 ሜትር ላይ የሚያበቃው የላይኛው ሉል ይመጣል። አሳንሰሩ የሚሄድበት ቱቦ የታችኛውን፣ የመሐሉንና የላይኛውን የሚያገናኘው ቀጥ ያለው መስመር ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ሕንጻው ያለ ተጨማሪ ምሰሶ በሉሎቹ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሞዴሉ በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ሲፈተን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ እንደሚገለበጥ ታወቀ፤ ቤልጅግ ውስጥ ከዚያ እጅግ የበረታ ነፋስ ስለሚነፍስ ከታች ላሉት ሦስት ሉሎች ሁለት ሁለት እግር ያላቸው ድጋፎች ተጨመሩላቸው። ከላይ ያሉት ሦስቱ ግን ከሥራቸው ቀጥ ያለ ድጋፍ ስለሌላቸው እስከ ዛሬ ለጎብኚ አይከፈቱም። አባትዎ «ማን አቆመው» ያሉት ጥያቄ የባለሙያ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ያለው በእነዚያ ድጋፎች ላይ ነውና ከመግባታቸው በፊት በዙሪያው አንድ ጊዜ ቢዞሩ መልካም ነው።

ለቀፊራ ሰፈር የምጨምረው፣ ከውጭ ሲታይ ቅርጹ ብቻ ይታያል፣ መጋጠሚያው ግን የሚታየው ከውስጥ ነው። ለብረት ሠራተኛ ደግሞ ከቅርጹ መጋጠሚያው ይበልጣል።

ሸዋ በር (ሐረር)

በትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ብረቱ ተነግሯል፤ ከብረቱ ሥር ስለ ነበረው ነገር ግን እስካሁን ማንም አላነሣም። አቶሚየም የአተም ኃይል ለሰላም ሲውል የሰው ልጅ የሚደርስበትን ብልጽግና እንዲያሳይ የተሠራ ምልክት ነው። ይሁንና በዚያ ዘመን ቤልጅግን በአተም ጉዳይ ትልቅ ስፍራ የሰጣት ከኮንጎ፣ ካታንጋ ውስጥ ካለው የሺንኮሎብዌ ማዕድን ይወጣ የነበረው ዩራኒየም ነው፤ አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን የአተም ቦምቦች ስትሠራም ከዚያው ወስዳለች። በኤክስፖው ላይም ኮንጎ ሰፊ ክፍል ተሰጥቷት ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ በቀርከሃ አጥር የተከበበ «የአገሬው ሰው መንደር» ተሠርቶ፣ ከኮንጎ የመጡ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የእጅ ሥራ እየሠሩ እንዲታዩ ተደርጓል። ተመልካቾች በአጥሩ ላይ ሳንቲምና ሙዝ ይወረውሩላቸው ስለ ነበር ሰዎቹ ተቃውመው ኤክስፖው ሳያልቅ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ይህ የሆነው በ1958 ነው፤ ኮንጎ ነጻ የወጣችው በጁን 30 ቀን 1960 ነው። በዚያው ዓመት የእኛ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ዘምተዋል።

ኮንጎዎችን ለዕይታ ማቅረብ ለቤልጅጎች ይህ የመጀመሪያቸውም አልነበረም። በ1897 በብራስልስ በተደረገው ትርኢት ጊዜ ቴርቩረን በተባለው ስፍራ ኮንጎዎች ለዕይታ ቀርበው ሰባቱ እዚያው ሞተዋል። ከተማችን ሐረርም በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ የቆየ ነገር አላት። ፈረንሳዊው ነጋዴ ራምቦ በ1889፣ የኤፌል ግንብ በተከፈተበት በፓሪሱ ኤክስፖ ዓመት፣ ከዚሁ ከሐረር ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ወደ ትርኢቱ መምጣት ባለመቻሉ ማዘኑን ገልጾ፣ በሚቀጥለው ኤክስፖ ግን የዚህን አገር ዕቃዎች ይዞ ሊቀርብ፣ ምናልባትም ራሱን ለዕይታ ሊያቀርብ እንደሚችል ቀልዷል። እርሱ መቀለድ ይችል ነበር። በአጥር ውስጥ የቆሙት ኮንጎዎች ግን ያ ምርጫ አልነበራቸውም።

ቀፊራ ሰፈር

መምህር፣ የጻፉት እውነት ስለሆነ አልከራከርም። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ በዕድሜያቸው መጨረሻ የወደዱትን ብረት ለማየት ሲሄዱ ይህን ሁሉ ሸክም ማሸከም ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። የኤፌልን ግንብ የሚያይ ሰው ሁሉ የፈረንሳይን ቅኝ ግዛት ታሪክ ተሸክሞ አይወጣም።

ሸዋ በር

ሸክም ነው ብዬ አላሰብኩም። ጠያቂው ከመሄዳቸው በፊት ምን ላንብብላቸው ብለው ስለ ጠየቁ ነው የጻፍኩት። በፈረንሳውያን አለቆች ሥር ለሠራ የባቡር ሰው ደግሞ ሁለቱን ነገር አብሮ መያዝ አዲስ አይሆንበትም፤ ማሽኑን አክብሮ፣ ማሽኑን ያመጣው ሥርዓት ምን እንደሆነም አውቆ የኖረ ሰው ነው። አባትዎን ስለማላውቃቸው ካጠፋሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጨው ተራ

ዱባይ ቅርብ አይደለም ወይ? ለኤክስፖ 2020 የተሠራው የአል ወስል ጉልላት 130 ሜትር ስፋት፣ 67 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሌሊት በውስጥ በኩል ሥዕል ይለቀቅበታል። ለአዛውንትም ሜዳ ነው።

የከዚራ ልጅ

ለጨው ተራ፦ ምክርዎን አመሰግናለሁ፤ የምንሄደው እኅቴን ለመጠየቅ ስለሆነ ቦታው ተወስኗል።

መምህር ሸዋ በርን በተመለከተ፣ የጻፉትን ትናንት ማታ ለአባቴ አንብቤላቸዋለሁ። ኮንጎ የዘመቱ የልጅነት ጓደኞች ስለ ነበሯቸው ነገሩን በትኩረት ነው የሰሙት፤ መንደሩ የነበረበት ቦታ ዛሬ በምልክት ታውቆ እንደሆነም ጠየቁኝ። አልከፋቸውም። ይልቁንስ የተከራከሩት ከመሐንዲሱ ጋር ነው፦ ድጋፎቹ ከተጨመሩ በኋላ ሦስቱ የላይኞቹ ሉሎች ክብደት በየት በኩል ነው ወደ መሬት የሚወርደው ብለው ጠይቀዋል።

መሐንዲስ ከሐረር

እጅግ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከላይ ካሉት ሦስቱ እያንዳንዱ በአራት ቱቦዎች ተይዟል፦ አንዱ ወደ ላይኛው ሉል፣ አንዱ ወደ መሐሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ከታች ካሉት ሦስት ሉሎች ወደ ሁለቱ ይሄዳሉ። ክብደቱ በእነዚህ ተከፋፍሎ ከፊሉ በመሐለኛው ምሰሶ፣ ከፊሉ በታችኞቹ ሉሎችና በድጋፎቻቸው በኩል ይወርዳል። ስለዚህ ቱቦዎቹ መተላለፊያ ብቻ ሳይሆኑ የሕንጻው አጥንትም ናቸው። አንዳንዱ ቱቦ ይገፋል፣ አንዳንዱ ይጎትታል። አባትዎ የባቡር ድልድይ አይተው ስለሚያውቁ ሐሳቡ አይከብዳቸውም።

ኤረር በር (ቶሮንቶ)

እኔ ያየሁት የሞንትሪያሉን ስለሆነ በጎን ልጨምር። በኤክስፖ 67 የአሜሪካ ፓቪሊዮን (የትርኢት አዳራሽ) የነበረው፣ ባክሚንስተር ፉለር የነደፈው 76 ሜትር ዲያሜትር ያለው ሉል እስከ ዛሬ በወንዙ ደሴት ላይ ቆሟል። ጃንሆይም በ1967 ያንን ኤክስፖ ጎብኝተዋል። ሉሉ በመጀመሪያ ብርሃን በሚያሳልፍ አክሪሊክ (የፕላስቲክ ዓይነት) ተሸፍኖ ነበር፤ በ1976 በጥገና ላይ ሳለ እሳት ተነሥቶ አክሪሊኩን በጥቂት ጊዜ ውስጥ በላው፣ የብረት አጽሙ ግን ቀረ። ከ1995 ጀምሮ የአካባቢ ጥበቃ ሙዚየም ሆኖ ያገለግላል፤ ሽፋኑ አልተመለሰም። ሁለቱም ቆዳቸውን አጥተዋል፤ የብራስልሱ አዲስ ለበሰ፣ የሞንትሪያሉ ዕርቃኑን ቀረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዕርቃኑን የቀረው ያምራል፣ ምክንያቱም ሰማዩ በአጥንቱ መካከል ይታያል። ብራስልሶች የሠሩት ግን የበለጠ ሥራ የጠየቀ ነው፤ ለስድስት ወር የታሰበን ነገር ለሌላ ትውልድ ማሻገር ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ቀፊራ ሰፈር

ይህን ስሰማ የእኛ የድሮው ጣቢያ ነው የሚታወሰኝ። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ለከተማዋ መጪው ዘመን ማለት እርሱ ነበር፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእርሱ ነው። በ2016 አዲሱ መስመር ከከተማ ውጪ በሌላ ጣቢያ ሲከፈት አሮጌው የጥገና ክፍል ከነማሽኖቹና ከነሎኮሞቲቮቹ ባለበት ቀረ። ጎብኚ እየመጣ ያየዋል፣ ይደነቃል፣ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። የአቶሚየምን አሉሚኒየም በ1,000 ዩሮ የገዛ ሕዝብ ካለ፣ ለእኛም ወርክሾፕ ገዢ ባይሆን ጠባቂ አይጠፋም ነበር። የጠያቂው አባት ተመልሰው ሲመጡ አሠራሩን ቢያወዳድሩልን ደስ ይለኛል።

የከዚራ ልጅ

አባቴ ይህን ሲሰሙ የተናገሩት፣ ቁራጩን መሸጥ ሳይሆን ቁራጩ ከየት እንደተፈታ መመዝገብ ነው ዋናው የሚል ነው። ከዚያ በላይ አልጨመሩም። ውሳኔያችን መግባት ሆኗል። ደቻቱ ማዶ፣ መንገዱንና ቅደም ተከተሉን ቢያስረዱን?

ደቻቱ ማዶ

በሜትሮ መስመር 6 ይሳፈሩና ሄይሰል ጣቢያ ይውረዱ፤ ከዚያ ሲወጡ ሉሎቹ ራሳቸው ይመሩዎታል። በክረምት ወር የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ ሰው ይበዛል፤ ቲኬቱን በኢንተርኔት አስቀድሞ ገዝቶ ጠዋት በመክፈቻው ሰዓት መድረስ ይበጃል። ከመግባትዎ በፊት መሐንዲሱ እንዳሉት ድጋፎቹን ዞረው ይዩ።

መጀመሪያ አሳንሰሩን ይውጡ። ላይ ሆነው ከተማውን ካዩ በኋላ በዚያው አሳንሰር ይመለሳሉ፤ ብዙ ሰው ጉብኝቱ እዚያ ያለቀ ይመስለውና ይወጣል። እርስዎ ግን አይውጡ፤ ወደ ታችኛዎቹ ሉሎች የሚወስደውን አቅጣጫ ይከተሉ። ስለ ኤክስፖውና ስለ ሕንጻው አሠራር የሚናገረው ቋሚ ዐውደ ርእይ ያለው እዚያ ነው፤ በግንባታው ወቅት የተነሡ ፎቶግራፎች አሉበት። አባትዎ ቀኑን ሙሉ እዚያ ቢቆሙም አይፍረዱባቸው። ያነሧቸውን ፎቶዎችም ያለ ሥጋት ያጋሩን፤ እስከ 2016 የቤልጅግ ሕግ የሕንጻውን ምስል ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክል ነበር፣ ዛሬ ያ ቀርቷል። የመጋጠሚያዎቹን ቅርብ ፎቶ ቢያስቀድሙ ደግሞ መሐንዲሱም እኔም እናመሰግናለን።